ከሐኪምም ከሽማግሌም የደበቅኩት ሕመም

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓ.ም. ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ ሐኪም ቤት የገባሁት የታመመ ልጠይቅ ብቻ ነው። ዛሬ በቀን ሦስት ዓይነት ክኒን የምውጥ፣ አንድ ባልዲ ውሃ እንዳላነሳ የተከለከልኩ ሰው ነኝ።

ልጄ ሰብለ በሕይወት አለች። ይህን ከፊት የማስቀምጠው አንባቢ «ሞተች ወይስ ተረፈች» እያለ እንዳይጨነቅ ነው። አለች። ቤቴ ግን አትመጣም። ለእናቷ ትደውላለች፤ ስልኩን እኔ ካነሳሁት «እማዬን ስጠኝ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። የምታክመኝ ሐኪም «አባባ፣ ይህን ነገር ጽፈው ሰው ቢያነበው የሚተርፍ ቤት አለ» ስላለችኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጎልምሼ ነው። የተጣመመ ካለ አቅንታችሁ አንብቡት።

ቤቴ የካ ተራራ ሥር ነው። ሥራዬ አጣና ነበር። ከእንጦጦ ገበሬዎች ባሕር ዛፍ በቁሙ እገዛለሁ፣ አስቆርጣለሁ፣ አስልጣለሁ፣ ለቤት ሠሪ እሸጣለሁ። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ረጅም ነው። እንዲሁ ረጅም አይደለም፤ ቀጭን፣ ክንዱ ሲዘረጋ የማያልቅ፣ ጣቱ የረዘመ፣ ደረቱ መሐል ላይ ጎድጎድ ያለ። ሰፈሩ «እነ አጣና» ይለናል። አንጠላውም ነበር። እንዲያውም እንኮራበት ነበር።

በዕድራችን ድንኳን ሲተከል የመሐሉን ምሰሶ የምናቆመው የእኛ ቤት ወንዶች ነን። ማንም አልሾመንም፤ ቁመታችን ነው የሾመን። አባቴ ያቆም ነበር አሉ። ከእሱ በኋላ ወንድሜ ደምሴ፣ ከደምሴ በኋላ እኔ።

አባቴ ሲሞት እኔ ገና አፌን አልፈታሁም። በሬ ጠምዶ ሲያርስ ወደቀ፣ ዓይን በላው ይባላል። ደምሴ ዓይኑ ደካማ ነበር፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ያህል ይወፍራል። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ላምበረት ከአውቶቡስ ወርዶ ጓዙን ሲቀበል «ጀርባዬን!» ብሎ እዚያው ወደቀ። የመንገድ ድካም ነው አልን። እኅቴ አልማዝ ደግሞ በወለደች በስምንተኛው ቀን፣ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ሄደች። አራስ ናት፣ ምች መታት አልን። ለእያንዳንዱ ሞት የራሱን ምክንያት ፈልገን ቀበርን። አንድ ላይ አድርጎ ያሰበ አልነበረም ልል ነበር። ውሸት ነው። እኔ አስቤ ነበር። አስቤ ዝም አልኩ።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ዳገት እምቢ አለኝ። እንጦጦ ራጉኤል ልጅ ሆኜ እየሮጥኩ የምወጣው ነው፤ አሁን መንገዱ ላይ አራት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ያቁሙ» አሉኝ። አቆምኩ። ሌላው «ነርቭ ነው» ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። ባለቤቴ አስካለ በሁለት ድስት ወጥ መሥራት ጀመረች፣ የእኔ አልጫ፣ የእሷ ቀይ። እኔ አልጫዬን እየበላሁ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታቷን ቀጠለች።

ኅዳር ላይ ጎረቤታችን አረፉ። በማለዳ ጥሩንባ ተነፋ፣ ወጣን። ድንኳኑ ተዘረጋ፣ ምሰሶው መጣ። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ተሰማ እንደ ልማዱ ጮኸ።

«ወልዴ! ቀስ በል፣ ሰማዩን እንዳትበሳው!»

«አንተ አጭር፣ ገመድህን ያዝ!» አልኩት።

ምሰሶውን አቅፌ ሽቅብ ስገፋው ጀርባዬ ተቀደደ። ሌላ ቃል የለኝም። ከትከሻዎቼ መሐል ጀምሮ እስከ ወገቤ ድረስ፣ ልክ አቡጀዲ በእጅ ሲቀደድ ጥርር እንደሚለው። ማመሙ ብቻ አይደለም፣ ሲቀደድ ይታወቃል። ብለቀው ከሥር ያሉት ሰዎች ላይ ይወድቃል። አልለቀቅኩም። ገመዱ እስኪታሰር ይዤ ቆምኩ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ላቤ ሸሚዜን አልፎ ጃኬቴን አረጠበው። ተሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ተሸክመው ሲግናል አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ አደረሱኝ። «የኩላሊት ጠጠር ነው» ተባልኩ፣ ማስታገሻ ወጉኝና ወደ ቤት መለሱኝ። ሁለት ቀን በሆዴ ተኛሁ። አስካለ «ትልቅ ሆስፒታል እንሂድ» ስትለኝ «በጠጠር የሞተ የለም» እላታለሁ። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እግሬ በረዶ ሆነ። ሰብለ እግሬን ነካችና ወጥታ መኪና ይዛ መጣች። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። በአንድ በኩል እሷ፣ በአንድ በኩል እናቷ ደግፈው አወጡኝ። ግልምጫዬንም ስድቤንም አልሰሙኝም።

የመንግሥት ሆስፒታል ነው፣ ስሙን አልጠራም። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ ጠበቅን። አግዳሚው ላይ የምንጠብቀው ሰዎች እርስ በርስ አንተያይም፤ ሁሉም የሚያየው በሩን ነው። በሩ ሲከፈት ሁላችንም እንነሳለን፣ ሲዘጋ ሁላችንም እንቀመጣለን። እኔ መነሳት አልቻልኩም። ወለል የምትወለውል አንዲት ሴት መጣችና የራሷን ነጠላ አጣጥፋ ከጀርባዬ አደረገችልኝ። «ከዚህ ማዶ አለሁ አባቴ፣ ሲጠሩዎት መጥቼ ነጠላውን እቀበልዎታለሁ» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኩም። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ የዚያን ነጠላ ሙቀት አልረሳሁም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከሰብለ ብትበልጥ በጥቂት ነው። መጀመሪያ ያየችው ጀርባዬን አይደለም፣ እጄን ነው።

«አባባ፣ እስቲ አውራ ጣትዎን ወደ ውስጥ አድርገው ይጨብጡ።»

ጨበጥኩ። አውራ ጣቴ በትንሿ ጣቴ በኩል አልፎ ወጣ።

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው?»

«የሰው ሁሉ እንዲህ አይደለም እንዴ?»

የራሷን ጨብጣ አሳየችኝ። አይወጣም። አስካለን አስጨበጠቻት፣ የእሷም አይወጣም። ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ጣት እንደ እኔ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ትልቅ ቀለበት በሚመስል ማሽን ውስጥ አስገብተው ፎቶ አነሱኝ። ሐኪሟ ፎቶውን ይዛ ተመለሰች።

«ከልብ ተነስቶ ደም ለመላው አካል የሚያከፋፍል ትልቅ ቧንቧ አለ፣ አኦርታ እንለዋለን። የእርስዎ ውስጠኛው ሽፋን ተቀዷል። መቀደዱ ልብ አጠገብ ቢሆን ኖሮ አሁን ከእርስዎ ጋር አላወራም ነበር። ወደ ታች በኩል ስለሆነ የደም ግፊትዎን አውርደን በመድኃኒት እንይዘዋለን።»

«ምሰሶ ስላነሳሁ ነው?»

«ምሰሶው አባባሰው እንጂ ነገሩ የቆየ ነው። ገላን አያይዞ የሚይዝ እንደ ክር ያለ ነገር አለ። የእርስዎ ሲወለዱም የሳሳ ነው። ቁመትዎ፣ ጣትዎ፣ ደረትዎ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ማርፋን ይባላል። በዘር ይሄዳል።» ከዚያ ወረቀቷን ሳበች። «ከቤተሰብዎ በድንገት የሞተ ሰው አለ?»

ሰብለ መድኃኒት ፍለጋ ወጥታ ነበር። አስካለ ከራስጌዬ ቆማለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«የለም» አልኩ።

«አባት፣ ወንድም፣ እኅት?»

«ሁሉም በዕድሜው ነው የሞተው።»

«ልጅስ አለዎት?»

«አንዲት ሴት። ጤነኛ ናት።»

«ጤነኛ ብትመስልም ልቧ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ወደ ልጅ መተላለፉና አለመተላለፉ እኩል ለእኩል ነው። በተለይ ከማርገዟ በፊት ትምጣ። እርግዝና ለዚህ ቧንቧ ከባድ ነው፣ ወሊድና አራስነቱም እንደዚሁ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ለምን ዋሸሁ? በታኅሣሥ ሽማግሌ ሊመጣልን ነበር። ኦቦ በዳዳ የሚባሉ የኮተቤ ሰው ሰብለን ለልጃቸው ለጫላ ሊያስጠይቁ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ የሚጠየቀው ስለ ልጅቷ ጠባይ ብቻ አይደለም፣ ስለ ዘሯ ነው። «በዘራቸው ድንገተኛ ሞት አለ» ከተባለ ያ ቃል ከላምበረት እስከ ኮተቤ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ልጄ ቆማ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ይህ አንዱ ነው። ሌላው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን የኮራሁበት ቁመት በሽታ ነው ስባል ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እስካሁን አላውቅም።

አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። በክንዴ መድኃኒት ይንጠባጠባል፣ ግፊቴን በየሰዓቱ ይለካሉ። አትንቀሳቀስ፣ አታምጥ፣ አትናደድ ተባልኩ። ሌሊት ሌሊት ፍርሃት ይመጣል። ብተነፍስ የቀረው የሚቀደድ ይመስለኝና ትንፋሼን በቁጠባ እተነፍሳለሁ። መድኃኒቱ አንዳንዱ ከከተማው ይጠፋል፤ ሰብለ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትዞር ትውልና ተረከዟ ቆስሎ ትመጣለች። ግቢዬ ውስጥ የነበረው አጣና ሁሉ ተሸጦ መድኃኒት ሆነ። እሷ እግሬ ሥር ተቀምጣ «አባዬ፣ እግርህ ሞቀ እኮ!» ብላ ስትደሰት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። የልጁ አባት ኦቦ በዳዳ አብረው መጡ፣ እንዲህ መምጣት ልማድ አይደለም። ድሮ ገበሬ ነበሩ፣ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበት አሁን ኮተቤ ወፍጮ ቤት አላቸው። ሽማግሌዎቹ የዘር ነገር ሲያነሱ እሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«ከእኛ እንጀምር» አሉ። «ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። ከሰፈር ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት ብዬ ነው የመጣሁት። ልጃችሁን ከፈለጋችሁ ስጡን፣ ካልፈለጋችሁ አንቀየምም። የእናንተስ አቶ ወልዴ?»

አስካለ አየችኝ።

«የእኛ ዘር ንጹሕ ነው» አልኩ። «ይህ የእኔ የአጣና ሥራ ያመጣው የወገብ ሕመም ነው።»

አስካለ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ አልወጣችም።

ሚያዝያ ላይ ሰብለን ዳርኳት። የሠርጉን ድንኳን ተሰማ አቆመው፣ እኔ ወንበር ተሰጥቶኝ እንደ ካህን ተቀምጬ አየሁ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ዘንካታ!» ይላል። ዘንካታ የተባለችው ልጄ በነጭ ጫማዋ ከባሏ ትበልጥ ነበር፣ ሰው እንዳያስተውል ጎንበስ እያለች ትሄዳለች። እኔ የማየው ጣቷን ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልናገር፣ ሐኪም አይደለሁም፣ የሰማሁትን ነው። ቤታችሁ ቁመተ ረጅም፣ ጣተ ረጅም፣ ዓይነ ደካማ ሰው ካለና በጎልማሳነቱ «ደረቴን፣ ጀርባዬን» ብሎ የሞተ ዘመድ ካላችሁ፣ ምች ነው ብላችሁ አትለፉት። ልብን በአልትራሳውንድ ማየት አያምም። የሰብለ ቧንቧ በኋላ ሲታይ በልቧ በኩል ሰፍቶ ተገኘ፣ ገና አልተቀደደም። መድኃኒት ተጀመረላት፣ በስምንተኛ ወሯ በቀዶ ጥገና አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት። ሰብለ አሁን ለቧንቧው የቀዶ ጥገና ወረፋ ትጠብቃለች። «በጊዜ ብትመጪ ኖሮ እርግዝናውን አቅደን ነበር የምናደርገው» ተባለች። ይህን ስትሰማ እኔ አጠገቧ አልነበርኩም።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ቀጠሮዬ ደረሰ። ሰብለ ልታደርሰኝ መጣች፣ የአምስት ወር እርጉዝ ናት። ደረጃውን ስንወጣ እኔ ቀድሜያት ወጣሁ። የታመምኩት እኔ ነኝ፣ የምታለከልከው እሷ ናት።

«ምነው?» አልኳት።

«ጤና ጣቢያ ደም ማነስ ነው ብለውኛል። ቆይ፣ ልቤ ትረፍ» አለችና ሳቀች። «አባዬ፣ እንደ አንተ አረጀሁ መሰለኝ።»

አግዳሚው ላይ ትቻት ገባሁ። ግፊቴ ተለካ፣ ጥሩ ነው ተባለ። ሐኪሟ ቀጣዩን በሽተኛ ልትጠራ በሩን ስትከፍት ሰብለን አየቻት። እጆቿን ሆዷ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። ሐኪሟ በሩን መልሳ ዘጋችው።

«ልጅዎ ናት? እርጉዝ ናት እንዴ? ልቧ ታይቷል?»

እውነቱን ብናገር በዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ይስተካከል ነበር። በሩ ሁለት እርምጃ ነው።

«ታይቷል» አልኩ። «ሌላ ሆስፒታል። ደህና ነው ተብሏል።»

የሐኪሟ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። «እፎይ! እንኳን ደስ ያለዎት አባባ» አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ ሰብለ ጠየቀችኝ። «ሐኪሟ አይታኝ ምን አለችህ?»

«ቁመትሽን አደነቀች» አልኳት።

ባሏ ቤት አድርሻት ቤቴ ስገባ አስካለ ምስር ትለቅማለች። ቀና ሳትል «ስለ ሰብለ ጠየቀች?» አለችኝ። ያልኩትን ነገርኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«አልማዝን የገነዝኳት እኔ ነኝ፣ ታስታውሳለህ?» አለች። አትጮህም። አስካለ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል። «አውራ ጣቶቿን አጋጥሜ በክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያ ረጅም ጣት አልታሰር ብሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አስሬዋለሁ። የሰብለንም እንዳስር ነው የምትፈልገው?»

«ዝም በይ አንቺ!»

«ዝም ብያለሁ። ሐኪም ፊት ዝም አልኩ፣ ሽማግሌ ፊት ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው። አሁን ግን ወይ አንተ ትናገራለህ ወይ እኔ።»

«ኦቦ በዳዳ ምን ይላል? ዋሾ ነው አይለኝም? ልጁ ቢፈታትስ?»

«ይፍታት። ብትፈታ እዚህ አልጋ አላት። ብትሞት ግን የት ሄጄ አመጣታለሁ ወልዴ?»

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ራት አቀረበችልኝ፣ እሷ አልበላችም።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቴን ደርቤ ኮተቤ ሄድኩ። ኦቦ በዳዳ የወፍጮ ቤታቸውን በር ሲከፍቱ ደረስኩ።

«አቶ ወልዴ! በጠዋት? በሰላም ነው? ግቡ፣ ግቡ» አሉኝ።

አልገባም አልኩ። ቆሜ ተናገርኩ። አባቴን፣ ደምሴን፣ አልማዝን፣ የራሴን። «ስትጠይቁኝ አውቅ ነበር። ሐኪሟ ልጅቷን አምጣ ካለችኝ ዓመት ሊሆነው ነው» አልኩ። እሳቸው ቁልፉን እንደያዙ ቆሙ።

«እኔ የወንድሜን ነገርኳችሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ነግረውናል።»

«በሰው ፊት ነገርኳችሁ።»

«አዎ።»

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁና ዞርኩ። ሰብለ ፊቷን ታጥባ ፎጣ ይዛ እዚያው ግቢ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ቆማለች። ከየትኛው ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም።

«አክስቴ አልማዝ በምች አይደለም የሞተችው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ትናንት ሐኪሟ ምን ነበር ያለችህ?»

ነገርኳት። ፎጣውን ገመዱ ላይ ሰቀለችው፣ ጫፎቹን አስተካከለች። ኦቦ በዳዳ በኦሮምኛ ወደ ውስጥ ጮኹ፣ ልጃቸው ጫላ እየሮጠ ወጣ። «መኪና ጥራ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው «መጀመሪያ ልጅቷ ትታይ። እርስዎን በኋላ እናነጋግርዎታለን» አሉኝ። እስካሁን አላነጋገሩኝም።

መኪናው መጣ። ጫላ ደግፎ ከኋላ አስገባት፣ እሱ ከጎኗ ገባ፣ ኦቦ በዳዳ ከፊት። ከኋላ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር። በሩን ያዝኩ።

«አንተ በሌላ ታክሲ ና» አለችኝ ሰብለ። አላየችኝም።

በሩን ዘጋሁላት። እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ወረድኩ። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ከኋላው ገብቼ ተሰለፍኩ።